በካባው ጉድጓድ ዳር

ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻችንን የት እናውላቸው የሚለው ጭንቀት የእናንተም የእኔም ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ቤቱ ይጠባል፤ ሥራ የምትውል እናት ልቧ ለሁለት ይከፈላል። አቅሙ ያላት ለሁለት ቀንም ቢሆን ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ ትወስዳቸዋለች። የሌላት ደግሞ እንደ እኔ አውቶቡስ ላይ አሳፍራ ወደ ወላጆቿ አገር ይዛቸው ትወርዳለች። እኔም በ2014 ዓ.ም. በወርኀ ሐምሌ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ ተወለድሁባት ወደ አዘና ሄድሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ በዚያ ሰሞን የደረሰብኝን ነው። እስካሁን ሳልጽፈው የቆየሁበትን ምክንያት ወደ በኋላ ትረዱልኛላችሁ።

አዘና በአዊ ዞን የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በክረምት ጉምና ዝናብ ይፈራረቁባታል። ድንቹ በየማሳው አብቦ፣ ፈረሱ በየሜዳው ተለቆ ሲታይ ከአዲስ አበባ ለመጣ ልጅ ገነት ነው። የእኔዎቹ ውሃ ሲባል የሚያውቁት ባልዲና ሮቶ ነው። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ ብዙ ውሃ በአንድ ቦታ ተኝቶ ሲያይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዘንገናን ላሳያቸው ወሰንሁ።

ዘንገና ከእንጅባራ፣ ማለትም ትልልቆቹ ሰዎች ኮሶበር ከሚሏት ከተማ፣ ወደ ጢሊሊ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቁ የሚያገኙት ሐይቅ ነው። ክብ ነው፤ ዙሪያውን ደን ለብሷል። ከመሬት በታች የቀለጠ ዐለት ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንፋሎቱ መሬቱን አፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ሲሆን፣ ከጊዜ ብዛት ውሃ ሞልቶበታል። ጥልቀቱ 166 ሜትር ስለሆነ በአገራችን ከሻላ ቀጥሎ ሁለተኛው ጥልቅ ሐይቅ ነው። ሃምሳ ፎቅ ያለው ቤት ቢገባበት ይውጠዋል ብዬ ለልጆቼ ነገርኋቸው። ትንሿ ሴት ልጄ «ሊፍቱስ?» አለችኝ። ያን ቀን ሙሉ የሁለቱንም እጅ አለቀቅሁም። ጦጣ ዳቧችንን ነጥቃ ስትሄድ እንኳ ሁለቱም እጆቼ ስለተያዙ ዝም ብዬ አየኋት። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ አምላኬን አመሰገንሁ። እኔ የፈራሁት ዘንገናን ነበራ!

ሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ዝናቡ አባርቶ፣ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቶናው እየተቀዳ ነበር። አንዲት የሰፈር ልጅ ከበር ቆማ ወንዶቹ ካባው ጋ ናቸው አለች። እንደ ተራ ወሬ ነው የተናገረችው። እናቴ ግን ጀበናውን እንደያዘች ቀጥ አለች። ፊቷን ሳይ ምንም ሳልጠይቅ ተነሣሁ። ነጠላዬን ጥዬ በባዶ እግሬ ሮጥሁ።

ካባው በእኔ ልጅነት አልነበረም። ቦታው ከብት የምናግድበት ተዳፋት ነበር። መንገድ ሲሠራ ለገረጋንቲ ተቆፈረ፤ ሥራው ሲያልቅ ማሽኖቹ ሄዱ፤ ጉድጓዱ ቀረ። በየክረምቱ ይሞላል፤ በበጋ ይጎድላል። ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ ከብት ይጠጣበታል፤ ልጆች ይዋኙበታል። አንድም ሰው ሆን ብሎ የልጆች መጫወቻ ላድርገው ያለ የለም፤ ነገር ግን በአካባቢው ለልጅ ከእሱ የሚበልጥ መዝናኛ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር የምናስተውለው ሰው ሲጎዳ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት በውሃው መካከል የሚንሳፈፍ ቢጫ ጀሪካን ነው። የእኛ ቤት ጀሪካን ነበር። ልጄን ግን አላየሁትም። ክው አልሁ። ቀጥሎ ያየሁት ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው እረኛ በሆዱ ጭቃው ላይ ተኝቶ ረጅም ዱላውን ወደ ውሃው ሲዘረጋ፣ ሁለት ልጆች ደግሞ ከኋላ እግሮቹን ጥርቅም አድርገው ይዘውት ነው። ዱላው ጫፍ ላይ የልጄ እጅ ነበረ። ጎተቱት። ወጣ። አሳለው፤ ውሃ ተፋ፤ ተነፈሰ።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረግሁትን ለመጻፍ ነው ይህን ያህል ጊዜ የፈጀብኝ። ልጄን ብድግ አድርጌ በጥፊ መታሁት። ከዚያም አቅፌው አለቀስሁ። ያን እረኛ ማመስገን ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስሁ በኋላ ነው። ሄጄ ብፈልገው ከብቱን ይዞ ሄዷል፤ በማግሥቱ አገኘሁት።

እረኛው እንደነገረኝ ልጆቹ ልጄን አስጠንቅቀውት ነበር። በወዲያ በኩል ጭቃው እንደሚያንሸራትት፣ አንድ እርምጃ ካለፈ እግር የሚያሳርፍበት እንደሌለ ጮኸው ነግረውታል። የነገሩት ግን በአዊኛ ነበር፤ ልጄ ደግሞ አዊኛ አይሰማም። የእናቴን ቋንቋ ለልጄ አለማስተማሬን እስከዚያ ቀን ድረስ ከነውር አልቆጠርሁትም ነበር። በከተማ ኑሮ ምን ይሠራለታል ብዬ ነበር።

ሌላው ያስደነገጠኝ ልጄ አለመጮሁ ነው። በፊልም የሚሰምጥ ሰው እጁን እያወናጨፈ ይጣራል። እውነተኛው ግን እንዲህ አይደለም። አፉ ከውሃው በላይና በታች እያለ ትንፋሽ ለመሳብ እንኳ የማይበቃው ልጅ በምን ድምፅ ይጮሃል? ጓደኞቹ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ እየሳቁ ሳለ ነው ሊሄድ የነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በመስመጥ ሞተዋል፤ ከእነዚህ ሩብ የሚያህሉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ሐምሌ 18 ቀን በየዓመቱ መስመጥን የመከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ በ2013 ዓ.ም. ወስኗል። በአዲስ አበባም ቢሆን ድንጋይ በወጣባቸው ጉድጓዶች የተጠራቀመ የክረምት ውሃ ልጆችን እንደሚወስድ የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ሲናገሩ በሬዲዮ እንሰማለን። እሰማ ነበር፤ ሬዲዮኑንም ዝቅ አድርጌ ሥራዬን እቀጥል ነበር።

ያን ማታ እናቴ ከሁለት ክረምት በፊት በዚያው ጉድጓድ ስለሞተው ልጅ ነገረችኝ። በማግሥቱ ወደ እናቱ ቤት ሄድሁ። በዕድሜ ታላቄ ናቸው። ልጃቸው የሞተው በገበያ ቀን፣ እሳቸው ድንች ሊሸጡ ወርደው ሳለ ነው። ብዙ አላወሩኝም። እንጀራ አቀረቡልኝ፤ የልጄን ጤንነት ጠየቁኝ። ልወጣ ስል ግን፣ «ልጄ፣ ውሃውስ አንድ ጊዜ ነው የወሰደብኝ። አንቺ የት ነበርሽ የሚለኝ ሰው ነው በየቀኑ የሚወስድብኝ» አሉኝ። እኔ ቡና እየጠጣሁ ነበርሁ። የእኔ ልጅ ዱላ ደረሰለት፤ የእሳቸው አልደረሰለትም። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ብቻ ነው።

ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልሁት አንድ መሥሪያ ቤትም ሄጄ ነበር። ያነጋገሩኝ ሰው ትሑት ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ቆፋሪው ሥራውን አስረክቦ ወጥቷል፤ ጉድጓዱን ማን ይድፈነው የሚለው ግን በየትኛው ፋይል እንዳለ አይታወቅም አሉኝ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ማዕድን ያወጣ ሰው የቆፈረውን አካባቢ መልሶ የማስተካከል ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ድንጋይ፣ አሸዋና ገረጋንቲም የግንባታ ማዕድናት ናቸው። ሕጉ አለ፤ ጉድጓዱም አለ።

ጉድጓዱ ሁሉ ይደፈን ማለቴ አይደለም። ቀድሞ በምሥራቅ ጀርመን የተማሩ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ታሪክ ሲሰሙ፣ እሳቸው ዋና የተማሩት በከሰል ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን ሲነግሩኝ አላመንኋቸውም ነበር። እውነት ነው። በላውዚትስ አገር ከሰል የወጣበትን ሰፊ ጉድጓድ በወንዝ ውሃ ሞልተው የዜንፍተንበርግ ሐይቅ ብለውታል፤ ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ የሚዝናናበት ሆኗል። በላይፕሲግ አጠገብ ያለው የኮስፑደን ሐይቅም እንዲሁ የከሰል ጉድጓድ ነበር፤ በ2000 ተከፈተ። ልጅ በእግሩ ቀስ እያለ እንዲገባ ዳሩን ዝቅ አድርገው አስተካክለውታል፤ አሸዋ አልብሰውታል። ከዐለቱ የሚወጣ አሲድ ውሃውን ሲያበላሽባቸው በኖራ ያክሙታል።

እንዲያም ሆኖ ያ ሁሉ ዕውቀት ከአደጋ አላዳናቸውም። በሐምሌ 2009 ናኽተርሽቴት በተባለች መንደር እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳሩ በድንገት ተናደና ቤት ከነነዋሪው ወደ ውሃው ገብቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በእንግሊዝ አገር በክስተን በምትባል ከተማ አጠገብ ደግሞ የኖራ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ሰው ይማርክ ነበር። ቆዳ የሚያቃጥል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ቢተከልም ሰዉ መዋኘቱን ስላልተወ፣ በ2013 ውሃውን በቀለም አጠቆሩት። ማስታወቂያ አንብቦ የሚመለስ ልጅ እኔም አላየሁም።

የእኛ ካባ ትንሽ ነው። አንድ ዶዘር ጥቂት ቀን ቢሠራበትና አንዱ ዳር ቢዳመጥ፣ ገደሉ በኩል ደግሞ ቢታጠር፣ ከብቱም ይጠጣል፣ ልጅም እግሩን ይነክራል። እስከዚያው ግን ያለን እኛው ነን። እህቴ፣ ልጅሽን «ወደ ውሃ እንዳትሄድ» ብለሽው ቡናሽን አትጠጪ፤ ይሄዳልና። ውሃው የት እንዳለ ራስሽ ሄደሽ እዪው። የተቆፈረ ጉድጓድ እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ላይ ላዩ ፀሐይ ቢሞቀውም ከሥሩ ያለው ቅዝቃዜ ጡንቻ ያስራል፤ ድፍርስ ስለሆነም የገባ ልጅ አይታይም። የሚሰምጥ ልጅ ካየሽ ዋና የማትችዪ ከሆነ ዘለሽ አትግቢ፤ ዱላ፣ ገመድ፣ ጋቢም ቢሆን ዘርጊለት፤ ራስሽ ግን እንደዚያ እረኛ በሆድሽ ተኚ። ከወጣ በኋላ በእግሩ አንጠልጥሎ ሆዱን መጫን የተለመደ ቢሆንም ጊዜ ማባከን ነው። ካልተነፈሰ አፍንጫውን ይዞ በአፉ አምስት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፣ ቀጥሎም ደረቱን ሠላሳ ጊዜ እየተጫኑ ሁለት ሁለት ጊዜ መተንፈስ፣ በዚያው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ማስጠራት ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ከአዘና ከተመለስሁ በኋላ ነው።

ልጄ አሁን ዋና ይማራል። ከአያቱም ጋር በስልክ አዊኛ ይለማመዳል፤ ትስቅበታለች። በመስከረም እናቴ ስትደውልልኝ ስለ ካባው ጠየቅኋት። ዶዘር አልመጣም። እረኞቹ ግን ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጠው፣ ጫፉ ላይ ገመድ አስረው፣ ከውሃው ዳር አጋድመውታል አለችኝ። ለማገዶ ይወስዱታል ብላ ፈርታ ነበር፤ እስካሁን ግን የነካው የለም።