ማሕሙድ አሕመድ ሲሰናበቱ

(ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

ድምፅም እንደ ጉልበት ሁሉ ከዕድሜ ጋር የሚደክም ነገር ነው። እንግዲያውስ የምንወደው ዘፋኝ ካረጀ በኋላ ሄዶ መስማት ይገባልን? ወይስ የወጣትነት ድምፁን ብቻ ይዞ ቤት መቅረት ይሻላል? ይህ ጥያቄ በ2017 ዓ. ም. በጥር ወር አባቴንና እኔን አወያይቶን ነበር።

ማሕሙድ አሕመድ በሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት የሙዚቃ ዝግጅት እንደሚያቀርቡ በተሰማ ጊዜ አባቴ፣ «እኔ አልሄድም፤ የማውቀው ድምፅ በካሴቱ ውስጥ አለልኝ» አሉ። እኔ ግን አፌን ሳልፈታ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁትን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ለመስማት እጅግ ጓጓሁ።

እኒህ ሰው በ1933 ዓ. ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ጫማ እየጠረጉ እንጀራቸውን የፈለጉ ናቸው። ኋላም አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ ተቀጥረው ሲሠሩ፣ አንድ ማታ ዘፋኞቹ ባለመገኘታቸው እንዲዘፍኑ ተፈቀደላቸው፤ ከዚያም ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገቡ። «ኧረ መላ መላ» የተባለው ሥራቸው በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቤልጅግ አገር ታትሞ ስማቸውን ባሕር አሻገረው።

አባቴም በመጨረሻ እሺ ብለው አብረን ሄድን። የ83 ዓመቱ ሽማግሌ ወደ መድረክ ሲወጡ ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ተቀበላቸው። ድምፃቸው በካሴት የምናውቀው የጎረምሳ ድምፅ አልነበረም፤ ነገር ግን ያ የሚታወቁበት መርገብገብ ጆሮዬ ሲደርስ ሰውነቴን ወረረኝ። ዘወር ብል እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው የነበሩት አባቴ ተነሥተው አብረው ይዘፍናሉ። ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴ ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ካሴቱ አብሮኝ አላረጀም፤ እሳቸው ግን አብረውኝ አረጁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰፈራችን ድረስ አልተነጋገርንም።

ስለዚህ የእኔ መልስ፣ ሄዶ መስማት ይገባል የሚል ነው። ካሴት ድምፅን ያቆያል፤ ሰውየው የተጓዘበትን ዘመን ግን አያሳይም። የማሕሙድ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ የነበሩት ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ. ም. ሲያርፉ እኔ ገና ጡት የምጠባ ሕፃን ነበርኩና ያ ዕድል አልደረሰኝም። እናንተም ጓደኞቼ፣ የምታከብሩት ባለሙያ ካለ በሕይወት ሳለ ሄዳችሁ ስሙት፤ የሚቻላችሁም ከሆነ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።