ስልኩ የማያውቃቸው ጎረቤት

ባለፈው ቅዳሜ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ጋር ዋሽንግተን ውስጥ ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት በእግር እየሄድን ነበር። በቀጥታው መንገድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ልጄ ግን ስልኳን አየችና ወደ ግራ ታጠፈች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ አፑ በዚያ መንገድ አትሂዱ ይላል። ወንጀል አለበት።»

ካርታውን አሳየችኝ። ቀይ የተቀባውን መንገድ ሳይ ዝም አልኩ። አሜሪካ እንደመጣሁ አራት ዓመት የኖርኩበት መንገድ ነው።

ያኔ ሆቴል ውስጥ በጽዳት እሠራ ነበር። ወደ ቤት የምመለሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። አንድ ሌሊት ቤቴ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ወጣት ቦርሳዬን ነጥቆኝ ሮጠ። ጮህኩ። ከፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ሻይ አፈሉልኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እኔ ሳልገባ የበረንዳቸውን መብራት አጥፍተው አያውቁም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚባለው እውነት ነው።

ይህን ስነግራት ልጄ፣ «ታዲያ አፑ ልክ ነዋ! እዚያው ተዘርፈሻል!» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ፍርሃቷ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ብራዚል ውስጥ፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ አጠገብ ባለችው ኒቴሮይ ከተማ፣ ባልና ሚስት የስልክ ካርታ እየተከተሉ በመኪና ሲሄዱ ወደማያውቁት ሰፈር ገቡ። ተተኮሰባቸው፤ ሚስትየዋ ሞቱ። ካርታው ቢያስጠነቅቃቸው ኖሮ ማን ይጠላል?

ግን ማስጠንቀቂያው ከምን ተነስቶ ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክሮሶፍት ለእግረኞች መንገድ ለሚመርጥ ዘዴ ፓተንት ሲያገኝ፣ ዘዴው ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የወንጀል ቁጥር ነበር። ብዙ ሰዎች «ይህ የድሆችንና የጥቁሮችን ሰፈር ያስገልላል» ብለው ተቃወሙ።

ቁጥሩም ሁሉን አይናገርም። እኔ መዘረፌን ለፖሊስ አላመለከትኩም። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፤ ፖሊስም እፈራ ነበር። ስለዚህ የእኔ ነገር የትም አልተመዘገበም። ፖሊስ አዘውትሮ በሚዞርበት ሰፈር ደግሞ ትንሹም ጥፋት ይመዘገባል። የእኚያን እናት መብራት ግን የሚመዘግብ የለም።

ደግሞስ እኛ ዞረን እንሄዳለን፤ እዚያ የሚኖር ሰውስ ቤቱን ዞሮ ወዴት ይሄዳል? እግረኛ ሲጠፋ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ ሲዘጋ መንገዱ ይጨልማል። ያን ጊዜ በእርግጥ ያስፈራል።

ዋሽንግተን ውስጥ ዩ ስትሪትን ታውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ብዙ ሱቅ ተቃጠለ። አካባቢው ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ ቆየ። በኋላ ግን ወገኖቻችን በዚያ ዙሪያ ምግብ ቤት ከፈቱ። ሁሉም ሰው ዞሮ ቢያልፍ ኖሮ እዚያ ማን እንጀራ ይበላ ነበር?

ልጄ ትንሽ አሰበችና፣ «አፑ ቀይ ብቻ ከሚቀባ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ቢነግረን ይሻል ነበር» አለች። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ምክንያቱን ካወቅን ራሳችን እንወስናለን። ሳይነግረን መንገድ ሲያዞረን ግን ስለማናውቃቸው ሰዎች እኛን ወክሎ እየፈረደ ነው።

ጊዜው ቀን ነበር፤ ሁለት ነበርን። በቀጥታው መንገድ ሄድን። በእኚያ እናት ቤት ዛሬ ሌሎች ሰዎች ይኖራሉ። በረንዳው ላይ አበባ የሚያጠጣ ሰው ሰላም አለን፤ ልጄም መለሰችለት።

«ማታ ብቻዬን ግን በዚህ አልመጣም» አለችኝ በኋላ።

«አትምጪ» አልኳት። «መብራት ባለበት ሂጂ፤ ለእኔም ደውዪልኝ።»

እናንተም ወላጆቻችሁን እዚህ አገር ሲመጡ መጀመሪያ የኖሩበት መንገድ የቱ እንደሆነ ጠይቋቸው። በሩን የከፈተላቸው ማን እንደነበረም ይንገሯችሁ።