ያልተሠራ ኮምፒውተር ያተረፈው ጌም

ስልኬ ላይ የምጫወተው ዞርክ ሥዕል የለውም። «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «ፋኖሱን አንሳ» ብዬ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፤ እሱም በጽሑፍ ይመልስልኛል። ለገበያ የወጣው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ሠሪው ኢንፎኮም በ1989 ተዘግቷል፤ ጌሙ ግን ዛሬም ይሠራል።

ለምን? በዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። ኢንፎኮሞች ጌሙን ለአንዳቸውም አልጻፉም። በሐሳብ ብቻ ለነበረ፣ «ዚ-ማሽን» ላሉት ኮምፒውተር ጻፉት። ከዚያ ለየኮምፒውተሩ አነስተኛ አስተርጓሚ ፕሮግራም ሠሩ። ኩባንያው ከጠፋ በኋላ ወዳጆቹ የዚ-ማሽንን ሕግ መርምረው በሰነድ አሰፈሩ፤ እንደ ፍሮትዝ ያሉ ነጻ አስተርጓሚዎችም ተጻፉ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የሚቀየረው አስተርጓሚው እንጂ ጌሙ አይደለም።

የእኛ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ነበር የሚያስቀምጡት። በእነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የምልክት ዝብርቅርቅ ነው።

የሰው መጫወቻ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረው ሕጉ ስለተጻፈ ነው። የእኛ ሰነድስ? እነዚያን ኮዶች የሚያውቁ ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ሠንጠረዡ ይጻፍ፣ መቀየሪያው ይሠራ። እናንተም አሮጌውን ፋይል «አይከፈትም» ብላችሁ አትሰርዙት። አስተርጓሚ ያጣ እንጂ የሞተ አይደለም።