ቤን ሄክት፦ ጋዜጠኝነቱን ሆሊውድ ድረስ ይዞ የገባ ደራሲ

ቤን ሄክት በ1894 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኒው ዮርክ ውስጥ ከአይሁድ ስደተኞች ተወልዶ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ሬሲን ከተማ አደገ። በ16 ዓመቱ ቺካጎ ገብቶ በዕለታዊ ጋዜጣ ሲቀጠር ሥራው መጻፍ አልነበረም። በግድያ ወይም በአደጋ የሞተ ሰው ቤት ሄዶ፣ ጋዜጣው የሚያትመውን የሟቹን ፎቶግራፍ ማምጣት ነበር፤ ቤተሰቡ እንቢ ሲል ይሰርቅ እንደነበር በኋላ ጽፏል። ዘጋቢ ከሆነ ወዲህ ደግሞ መናፈሻ ውስጥ ቦይ ቆፍሮ፣ ፎቶ አስነስቶ፣ ከተማዋን የመሬት መንቀጥቀጥ እንደመታት መዘገቡን ይተርካል። ተራኪው ራሱ ነውና አንባቢ ግማሹን ቢጥለው አይፈረድበትም።

የማያጠራጥረው ጆሮው ነው። ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሞት ፍርድ የሚፈጸምበት እስር ቤት ሲመላለስ ሰው በጭንቅ ሰዓት እንዴት እንደሚናገር አጠና። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ለቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ከበርሊን ሲዘግብ ቆይቶ ተመለሰ፤ በ1921 «ኤሪክ ዶርን» የተባለ የመጀመሪያ ልቦለዱን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ስለ ተራው የከተማ ነዋሪ የሚተርክ ዕለታዊ አምድ ጀመረ። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ገጠመኝ፤ ከዚያ ያልቃል። የፊልም ትዕይንት መጻፍን የተለማመደው እዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ኒው ዮርክ ተዛውሮ ገንዘብ አጥሮት ሳለ፣ በ1926 ሌላው የቀድሞ ጋዜጠኛ ኸርማን ማንኪዊትዝ ከሆሊውድ ቴሌግራም ላከለት፤ እዚህ ገንዘብ ይታፈሳል፣ የሚፎካከሩህም ደደቦች ብቻ ናቸው የሚል። ሄክት ሄደ። በዚያን ጊዜ ፊልም ጀግናው ንጹሕ መሆን ግድ ነበረበት፤ እንደልቡ መሆን የሚችለው ክፉው ብቻ ነው። እንግዲያው ጀግናውን ትቶ ስለ ክፉዎች ብቻ ቢጽፍ መዋሸት አያስፈልገውም። ከዚህ ሐሳብ የወጣው «አንደርወርልድ» (1927) የወንበዴ ፊልም ዘውግን ካስጀመሩት አንዱ ሆነ። ሄክት ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ፎን ስተርንበርግ የጨማመረበት ስላላስደሰተው ስሜን አውጡልኝ ብሎ ነበር፤ በመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት የድርሰት ሽልማቱን የወሰደው ግን በዚሁ ፊልም ነው።

ትልቁ ሥራው የመድረክ ነው። በ1928 ከቺካጎ ጋዜጠኛ ጓደኛው ቻርልስ ማክአርተር ጋር «ዘ ፍሮንት ፔጅ» የተባለውን ተውኔት ጽፎ ብሮድዌይ ላይ አቀረበ። ቦታው የወንጀል ፍርድ ቤቱ የጋዜጠኞች ክፍል ነው። ዘጋቢው ሂልዲ ጆንሰን ሥራውን ትቶ ሊያገባ ተነሥቷል፤ አለቃው ዋልተር በርንስ ሊለቀው አይፈልግም፤ በዚህ መሐል ሞት የተፈረደበት እስረኛ አምልጦ እዚያው ክፍል ይገኝና ሂልዲ ዜናውን ለጋዜጣው ብቻ ለማስቀረት ጠረጴዛ ውስጥ ይደብቀዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ከጋዜጠኞቹ መሐል ሞት ለተፈረደበት የሚያዝን የለም። ደራሲዎቹ ሙያውን ሊያሳጡ ተነሥተው ሳያስቡት የናፍቆት ደብዳቤ ጻፉለት። የአሜሪካ አስቂኝ ድምፃዊ ፊልም ያን የተጣደፈ ንግግር በብዛት የወረሰው ከዚህ ተውኔት ነው።

በሆሊውድ ያገኘው ቦታም ከጋዜጣ ቤት የተቀዳ ይመስላል። በጋዜጣ ቤት ዘጋቢው በስልክ የሚያቀብለውን ወሬ ቢሮ ተቀምጦ በደቂቃዎች ለኅትመት የሚያበቃ ጸሐፊ ነበር፤ ሄክትም የተበላሸ ድርሰት የሚያቃና ሰው ሆነ። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ፊልም ቀረጻው ሲደናቀፍ፣ ፊልሙ የተመሠረተበትን መጽሐፍ ሳያነብ፣ ታሪኩ በቃል እየተነገረው በአንድ ሳምንት ገደማ ድርሰቱን አስተካከለ፤ ስሙ ግን ፊልሙ ላይ የለም። በስሙ ከወጡት «ስካርፌስ» (1932) እና ለዳይሬክተሩ ሂችኮክ የጻፈው «ኖቶሪየስ» (1946) ይጠቀሳሉ። ፊልምን ይንቅ ነበር፤ ንቀቱ ግን እጁን አላበላሸበትም።

በ1940ዎቹ ስለ አውሮፓ አይሁድ እልቂት በጋዜጣ ማስታወቂያና በመድረክ ትርኢት ሲጮህ ቆየ። በፍልስጤም ከእንግሊዝ ጋር ይዋጉ የነበሩትን የአይሁድ ታጣቂዎች በግልጽ በመደገፉ፣ በእንግሊዝ ፊልሞቹ እንዳይታዩ አድማ ተመታበት፤ አንዳንድ ሥራዎቹም ያለ ስሙ ወጡ።

በ1954 ባሳተመው ግለ ታሪኩ በፍቅር የሚያስታውሰው የቺካጎ ጋዜጦችን ነው። በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። «ዘ ፍሮንት ፔጅ» ቀድሞም በ1931 እና ሂልዲን ሴት አድርጎ በ1940 ተቀርጾ ነበር፤ በ1974 እንደገና የሠራው ቢሊ ዋይልደር ነው፤ እሱም በወጣትነቱ በቪየናና በበርሊን የጋዜጣ ዘጋቢ ነበር።