በየበሩ ያለችው ሲስተር

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ግቢ ቆሜያለሁ። የካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ያለው ሰልፍ ታጥፎ አጥሩን ይዟል። የጤና መድን ደብተራቸውን በፌስታል የጠቀለሉ እናቶች፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወረፋ የሚጠብቁ አዛውንት ይታያሉ። የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ፣ የገጠሩ ለ25 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ታስቦ የሚሠራ ነው። ለአብዛኛው ሰው «የቤተሰብ ሐኪም» ማለት ይኸው ግቢ ነው። እኔም ታማሚው በሚሄድበት መንገድ፣ በር በበር ልሄድበት ነው የመጣሁት።

ካርድ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው በር ልየታ ነው፤ ሠራተኛው «ትሪያጅ» ይለዋል። ጠረጴዛው ላይ የግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና መዝገብ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሚዛን አለ። አንዲት እናት እያለከለኩ ገብተው ክንዳቸውን ዘረጉ። ነርሷ አልለካችም። «እማማ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይረፉ። እግርዎን አያነባብሩ» አለቻቸው። አምስት ደቂቃ ያህል አሳርፋ፣ እጅጌያቸውን ሰብስባ ለካች። ሰልፉ ውጭ ያጉረመርማል፤ እሷ ግን ያለ ዕረፍት የተለካ ግፊት እንደሚያሳስት ታውቃለች። ከ140/90 በላይ ሆኖ ሲገኝም በአንድ ቀን ልኬት ብቻ አትፈርድም፤ ቀጠሮ ሰጥታ ደግማ ትለካለች። ማን ሳይሰለፍ ወደ ድንገተኛ ክፍል መግባት እንዳለበት፣ ማን ወረፋ መጠበቅ እንደሚችል የሚወሰነውም እዚሁ ነው።

ቀጣዩ በር ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሚታዩበት ነው። እዚህም ያለችው ነርስ ናት። ሳል የያዘው የስምንት ወር ልጅ እናቱ እቅፍ ውስጥ ተኝቷል። ነርሷ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ሰዓቷን አየችና ዝም አለች። ሙሉ አንድ ደቂቃ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ትቆጥራለች። ልጁ ቢያለቅስ ኖሮ ቆጠራው ዋጋ ስለማይኖረው እስኪረጋጋ ትጠብቅ ነበር። ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ላለው ደግሞ መነሻው 40 ነው። ራጅ የለም፣ ውድ መሣሪያ የለም። ያለው ዓይንና ሰዓት፣ ክንድ የሚለካበት ባለቀለም ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካሳየ ልጁ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድቷል ማለት ነው።

ክትባት ክፍል በረድፍ የተቀመጡ እናቶች ቢጫ ቀይ ፎጣ ደርበው ተራ ይጠብቃሉ። ከተወለዱበት ቀን ቀጥሎ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር ይመለሳሉ። እናት ልጇን ይዛ ይህን ያህል ጊዜ ስትመላለስ የምታገኘው ነርስ ነው፤ ትውውቁም ከዚሁ ይጀምራል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ፍሪጅ ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑ ጠዋትና ማታ ይጻፍበታል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደነግጠው የዚህ ክፍል ሠራተኛ ነው።

የቲቢ ክፍልን፣ የኤችአይቪ ክትትል ክፍልን፣ መርፌ የሚወጋበትንና ቁስል የሚታሸግበትን ክፍል ፈጠን ብዬ አለፍኳቸው። በሁሉም ያገኘሁት ነርስ ነው። የቲቢ ታማሚ ስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ የምትከታተለው እሷ ናት። እንዲህ ያለውን የቅርብ ክትትል ለሐኪሞች የሚያስተምረው የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው ገና በ2005 ዓ.ም ነው። ነርሷ ግን ከዚያ በፊትም እዚሁ ነበረች። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ሲከፈት ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር።

ነገሩ የሚያስቀው ስሙ ላይ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ሴት ሁሉ «ሲስተር» ናት፣ ሐኪም ብትሆንም። ወንዱ ነርስ «እኔ ነርስ ነኝ» ሲል የሚሰማው የለም። «እሺ ዶክተር» ብለው ይወጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት የሚሄደው የጤና ጣቢያው የቤተሰብ ጤና ቡድን ወደ ሰፈር ሲወጣ ተከተልኩ። አንድ ቀበሌ ቤት ገባን። ስትሮክ ከመታቸው ጀምሮ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት አሉ። የቡድኑ ነርስ «አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» ብላ እጃቸውን ጨበጠች። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረች። በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደምታገላብጣቸው፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ትራስ የት እንደሚገባ እያሳየች አሠራቻት። ቁም ሳጥኑ ላይ የግፊት መድኃኒት ሳይነካ ተቀምጧል።

«ይሄ ለምን ቀረ?»

«ግፊቱ ወርዷል ሲሉን ተውነው።»

ይህ መልስ ካርድ ላይ አይጻፍም። ቤት ድረስ የሄደ ብቻ ነው የሚሰማው። መድኃኒቱ ግፊቱን ያወረደው ስለሚዋጥ መሆኑን ነርሷ ቁጭ ብላ አስረዳች። ቁጣ አልነበረም።

ስንመለስ አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ይህን ቤት እስከ መቼ ትመጪበታለሽ? ሳቀች። በቅርቡ ሠራተኛ ከክፍል ክፍል የሚዟዟርበት ሽክርክሪት አለ፤ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። የምትተካት ነርስ የአባባን ካርድ ትረከባለች። ያቺን ልጅ ግን እንደ አዲስ መተዋወቅ ይኖርባታል።

የውሎዬ ፍርድ ይህ ነው። የቤተሰብ ሕክምና ዋናው መሣሪያ መተዋወቅ ነው፤ የዚያ ትውውቅ ባለቤት ደግሞ ነርሷ ናት። ሠራተኛ ሁሉንም ክፍል ይልመድ ማለት ተገቢ ነው። ቤተሰብ የለመዳትን ነርስ በየጥቂት ወሩ ማንሳት ግን የተሰፋን መልሶ መተርተር ነው። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች የሽክርክሪት ሰሌዳውን ሲያወጡ ቢያንስ የክትትል ክፍሎችንና ወደ ቤት የሚሄደውን ቡድን ለብቻ ይዩልን።