ብርድ የሚችለው እንጆሪያችን

ነገሩ የሆነው ሦስት ሆነን በተከራየነው ቤት ጓሮ ነው፤ ኢታካ፣ ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት። መቼም ከሦስታችን እርሻ የምታውቅ አልነበረችም። አንዷማ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ሆቴል አልጋ ታነጥፍ ነበር (ማን እንደሆነች ይቅርባችሁ)።

የተከልነው እንጆሪ ሃኒኦይ ይባላል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄኔቫ ባለው የምርምር ጣቢያው (የስዊዘርላንዷ አይደለችም፣ እዚሁ ኒውዮርክ ያለችው) አዳቅሎ በ1979 ያወጣው ዝርያ ነው። "ብርድ የሚችል" ሲሉን ወዲያው ወደድነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ የከረመ ሰው፣ ብርድ በሚችል ነገር ሁሉ ይቀናል።

በ2022 ጸደይ ተከልን። በመጀመሪያው ዓመት አበባው ይቀጠፋል፤ ተክሉ ጉልበቱን ለሥሩና መሬት ለመሬት ለሚሰደው ሐረግ እንዲያውል። አንጀታችን እያረረ ቀጠፍን። የአንዳችን እናት በስልክ ሰምተው "አበባ የሚቀጥፍ ገበሬ ዛሬ ሰማሁ!" ብለው ሳቁብን።

ኖቬምበር ላይ፣ ተክሉ ሲያንቀላፋ፣ ግማሽ ስንዝር ያህል ጭድ አለበስነው። በረዶው ከላይ ተከመረበት። የሚገርመው፣ የመጪው ጁን ፍሬ እንቡጡ የሚጀመረው በመኸር፣ ቀኑ ሲያጥር ነው። ያን ሁሉ ወር ፍሬያችን ከጭዱ ሥር ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

በሜይ 2023 ጓሮው ነጭ በነጭ ሆነ። በ17ኛው ቀን ማታ ውርጭ እንደሚመጣ ተነገረ። ጎረቤታችን ያሉት አሮጊት አንሶላ ታቅፈው ወደ እንጆሪያቸው ወጡ። እኛ በመስኮት አየናቸውና "የእኛ እኮ ብርድ የሚችል ነው" ብለን ተኛን።

ጠዋት አበቦቹ ያው ነጭ ናቸው፤ ደስ አለን። ቆየት ብሎ ግን መሃላቸው ያለው ቢጫ እምብርት ጠቆረ። ለካ ያ ሌሊት በክፍለ ግዛቱ ስንቱን የወይንና የፖም እርሻ የመታ ኖሯል። ስናጣራ (ጋዜጠኛዋ ዘግይታ ስታጣራ) ብርድ የሚችለው ያንቀላፋው ተክል ነው፤ የተከፈተ አበባን ከዜሮ በታች አንድ ሁለት ዲግሪ ይገድለዋል። ሃኒኦይ ደግሞ ቀድመው ከሚያብቡት ወገን ነው። ትልቁን ፍሬ የሚሰጠው መጀመሪያ የሚከፈተው አበባ ነው፤ የጠቆረብንም እሱ።

ጁን ላይ ዘግይተው ካበቡት አንድ ሳህን ለቀምን። ጠንካራ፣ ደማቅ ቀይ፣ ኮምጠጥ ያለ። በማግስቱ አሮጊቷ አንድ ቅርጫት ሙሉ ይዘውልን መጡ። የአንሶላውን ነገር አላነሱም፤ እኛም አላነሳን።