የአያቶቻችን ጋሻና ሜዳሊያ የት ይቀመጥ?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከቢቸና ደውሎ፣ «መምህር፣ የአያቴን ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ካፖርትና የአርበኝነት ሜዳሊያ ማስቀመጫ ልገዛ ነው። ባለ መስታወት ቡፌ ይሻላል ቁም ሳጥን?» አለኝ። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ መልሴን እዚህ ላስፍረው።

ቡፌው ሳሎን ያሳምራል። ግን የሜዳሊያ ጥብጣብ ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል፤ አንዴ ከለቀቀ ደግሞ አይመለስም። አዲስ የእንጨት ዕቃ፣ በተለይ ቺፑድና ኤምዲኤፍ፣ በሩ ሲዘጋ አሲድነት ያለው ትነት ውስጡ ያምቃል። እርሳስን ወደ ነጭ ዱቄት የሚለውጠው ይህ ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ቢሮ ውስጥ የምናየው ቀለም የተቀባ የብረት ቁም ሳጥን ነው። ያገለገለም ይሆናል፣ ዝገት አይኑረው እንጂ። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ በል፣ ከውጭው ግድግዳም አርቀው። ክረምት ላይ የዚያ ግድግዳ ቅዝቃዜ እርጥበት ይስባል። ምድጃ ካለበት ክፍልም አታስቀምጠው፤ ጭሱ ብል ቢያባርርም ጥላሸቱ ይጣበቃል፣ ሙቀቱም ቆዳ ያደርቃል።

ውስጡስ? ፌስታል ይቅር። ሁሉንም በታጠበ አቡጀዴ ለየብቻ ጠቅልል። ጋሻውን በማንገቻው አትስቀለው፣ አስተኛው፤ ቅቤም አትቀባው፤ ተባይ ይጠራል። ካፖርቱ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ ግባበት። ሜዳሊያውን በሎሚና በአመድ አትፈትገው፤ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። በየሦስት ወሩ ከፍተህ ብልና ዝገት ፈልግ።

ጠመንጃ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ታውቁታላችሁ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰበረ። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይዟል፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ያውቀዋል። ሳጥን ውስጥ ያለ ጎራዴ ግን ስም የለውም። የማን እንደነበር፣ የት እንደዋለ የሚያውቁት እማማና አባባ ሲያልፉ ጎራዴው ብረት ብቻ ይሆናል፤ ነጋዴ መጥቶ በኪሎ ይመዝነዋል። ወንድማማቾች ሲካፈሉም ሜዳሊያው ለአንዱ፣ ጎራዴው ለሌላው ይደርሳል፤ ታሪኩ ለማንም አይደርስም።

ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ከመግዛትህ በፊት ደብተርና እርሳስ ግዛ። እያንዳንዱ ዕቃ የማን ነበር? ከየት ተገኘ? ማን ነገረህ? መቼ? ጽፈህ አንዱን ቅጂ ከዕቃው ጋር፣ ሌላውን ከእህትህ ዘንድ አስቀምጥ።

በናንተስ ቤት ምን አለ? ሌባ እንዳይጠራባችሁ ፎቶውን ተዉት። የሰማችሁትን ታሪክ ግን ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።